ምንጩና የጎረቤቴ እሳት

ቤቴ ውስጥ ክብሪት አይታጣም። ምድጃው አጠገብ አንድ አለ፣ መኝታዬ ራስጌ አንድ አለ፣ ከበሩ ጀርባ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥም አንድ ሸጉጫለሁ። የልጅ ልጆቼ «አያታችን ሱቅ ልትከፍት ነው» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። አንድ ሰው እሳት ፈልጎ በሬን ቢያንኳኳ «የለኝም» የምልበት ሰበብ እንዳይኖረኝ ብዬ ነው። ዛሬ ዛሬ እሳት ፈልጎ የሰው በር የሚያንኳኳ እንደሌለ እኔም አላጣሁትም።

የምጽፈውን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ የነገርኳቸው ግማሹን ነው። ኃጢአቱን ከፍሎ የሚናዘዝ ሰው ብልጥ የሆነ ይመስለዋል፤ እኔም እንዲያ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው በጣልያን ጊዜ ነው። ያኔ ሰፈራችን ቀራንዮ ከተማ አልነበረም። ሠላሳ የሚሆኑ የሣር ክዳን ቤቶች ተዳፋቱ ላይ ተበትነው፣ ገብስና ባቄላ እየዘራን የምንኖርበት የገጠር መንደር ነበር። ካገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ የመጀመሪያ ልጄን አዝያለሁ። ባሌን ጣልያኖቹ ለመንገድ ሥራ ወስደውት ድንጋይ ይፈልጣል። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቅ ይልና እግሩን ታጥቦ፣ በልቶ፣ ተኝቶ ይመለሳል። ስለዚህ የቤቱ ወንድም ሴትም እኔው ነበርኩ።

ከተዳፋቱ ግርጌ ምንጭ ነበረችን። ምንጭ የምላት ለክብሯ ነው እንጂ ጭቃ ነበረች። ከብቱ ይገባባታል፣ አህያው ይሸናባታል፣ እኛ ደግሞ ከዳር ከዳሩ በቅል እየጨለፍን በነጠላ እያጠለልን እንጠጣለን። በዚያ ዓመት ሁዳዴ ላይ ከላይ ሰፈር ሁለት ሕፃናት በአንድ ሳምንት ውስጥ በተቅማጥ ሞቱ። ፋሲካ እንዳለፈ ሽማግሌዎቹ የጽድ ዛፉ ጥላ ሥር ሰበሰቡንና ምንጯ ትሠራ አሉ።

ሥራውን የሚመራው ሰው ታውቆ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን አጥር የገነቡ አንድ አዛውንት ግንበኛ ነበሩን። አንደኛው ዓይናቸው አያይም፤ በቀረችው ግን ድንጋይን ከሩቅ አይተው የት እንደሚገባ ያውቃሉ። በብትራቸው መሬቱ ላይ ጭረው አሳዩን። መጀመሪያ ውሃው በቦይ ወደ ጎን ይወጣል፤ ከዚያ ጠጠሩ እስኪገኝ ይቆፈራል፤ ከዚያ በሦስት ጎን በድንጋይ ይታጠራል፤ ውሃው በእንጨት አሸንዳ ይወርዳል። ከብቱ ከታች የራሱ ገንዳ ይሠራለታል፣ በመካከሉ እሾህ ይታጠራል። በመጨረሻም ከምንጯ ራስጌ ያሉት ሦስት ባሕር ዛፎች ይቆረጡ አሉ።

የባሕር ዛፎቹ ባለቤት ተነሥቶ ባሕር ዛፍ ውሃ አይጠጣም ብሎ ተከራከረ። ግንበኛው «ታዲያ ምን ይጠጣል፣ ጠላ?» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሱ ግን አልሳቀም፤ በክርክሩ ግማሽ ቀን አለፈ። በመጨረሻ ግንዱን ራሱ እንዲወስድ፣ እኛም ተሸክመን ደጁ ድረስ እንድናደርስለት ተስማማን።

የቀረው ጭቃ ሹሙ ነበር። ከሰፈሩ ጋር ለመነጋገር ጣልያኖቹ የሾሙት ሰው እሱ ነው። ምንጩን ሥሩ፣ ግን ከአሥር ሰው በላይ አንድ ቦታ እንዳይታይ አለ፤ ሰው ተሰብስቦ ሲታይ የጣልያኖቹ የመንገድ ሥራ ካምፕ ይደነግጣል። ስለዚህ ሠላሳውን ቤት በሦስት ከፈልነውና እያንዳንዱ ምድብ በሳምንት ሁለት ጧት እንዲወጣ ሆነ። ድንጋዩ ያለው ወንዙ ውስጥ ነው። ከወንዙ እስከ ምንጩ ተሰልፈን ከእጅ ወደ እጅ እናቀብላለን። ሰልፉ ላይ እገሌ ቀለለው፣ እገሌ ከበደው እየተባለ ጠብ እንዳይነሣ፣ አቋቋማችን በቤታችን ቅደም ተከተል ሆነ። ጎረቤትህ ማን ነው? እንግዲያው ከሱ ቀጥለህ ቁም።

ደንቡም ተነገረ። ራሱ ያልመጣ፣ ሰው ያልላከ፣ በቂ ምክንያትም የሌለው ቤት ከምንጩ አይቀዳም፤ እሳትም አይጫርለትም፤ እንስራውንም ማንም አያሸክመውም። «ይሁን» አልን። እኔ ከሁሉ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ምላሴ ያኔም ከኔ ይቀድም ነበር።

ከኔ ቤት ቀጥሎ ያለው ቤት የአንዲት ጥጥ ፈታይ ሴት ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ አርባን የተሻገሩ ሴት ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። ሙሽራ ሆኜ ስመጣ መፍተልን ያስተማሩኝ፣ ልጄም ሲወለድ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። በአጥራችን መካከል ለሁለታችን ብቻ የምትሆን ሽንቁር ነበረች፤ ጨው ሲያልቅብኝ በሷ ሾልኬ እሄዳለሁ፤ እሳቸውም ልጁ ሲያለቅስ በሷ ሾልከው ይመጣሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት እትዬ ሁለቱንም ጧት ወጥተው ከአጠገቤ ቆሙ። በሁለተኛው ሳምንት ቀሩ። ከሰልፉ ስመለስ ልጠይቃቸው በሽንቁሯ ገባሁ። ደጅ አልነበሩም፤ ጓዳ ውስጥ የሰው ድምፅ ሰምቼ ዘው አልኩ። ጭድ ላይ አንድ ሰው ተኝቷል። እግሩ ከጉልበቱ በላይ በነጭ ጥጥ ተጠቅልሏል፤ ላቡ ይወርዳል፤ እትዬ አፉን በነጠላቸው ጠርዝ ይዘውታል።

ወንድማቸው ነበር። ከአርበኞቹ ጋር ሲዋጋ ቆስሎ፣ ሰው አምጥቶ የጣለው እሳቸው ጋ ነው። ትኩሳቱ ሲነሣበት ይቃዣል፣ ሲቃዥ ጓደኞቹን እየተጣራ ይጮሃል። ቤታቸው ደግሞ መንገድ ዳር ነው፤ የካምፑ ሰዎች በዚያ በኩል ነው የሚያልፉት። ጧቱን ሙሉ ጥለውት ቢወጡ በጮኸ ቁጥር አፉን የሚይዝ የለም። በመድኃኔዓለም አስማሉኝ፤ ማልኩላቸው። ከዚያ «ቁስሉ እስኪደርቅ ነው ልጄ፣ አሟቸዋል በይልኝ» አሉኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ አሟቸዋል አልኩ። ግን ከሳቸው ቀጥሎ የምቆመው እኔ ነኝ፤ የጎደለው የሳቸው ቦታ የኔ ሆነ። ሌላው ሰው ቆሞ ያቀብላል፤ እኔ ድንጋዩን ተቀብዬ፣ ልጅ በጀርባዬ አዝዬ፣ አራት እርምጃ ሄጄ ለቀጣዩ ሰጥቼ ተመልሼ ሌላ እቀበላለሁ። ወገቤ ተቆረጠ። ከወዲያ ማዶ ያለው ሰው ደግሞ «ፈጠን በይ እንጂ ሙሽሪት» ይለኛል። በእያንዳንዱ ድንጋይ እትዬን እየረገምኩ እሄዳለሁ።

ድካሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይኸን ያህል ባልጻፍኩ። ፈርቼ ነበር። አርበኛ የተገኘበት ቤት ይቃጠላል፤ ይህን የማያውቅ አልነበረም። በሳቸው ጣሪያና በኔ ጣሪያ መካከል አንድ ነጠላ እንኳ አይዘረጋም። እሳቸው ሲነዱ እኔና ልጄ አንቀርም። ስፈትል፣ ሳጠባ፣ ስቀዳ የማስበው ይህንኑ ነው። ውሎ አድሮ ከዚያ ቤት እንዲሄዱልኝ ተመኘሁ። የት ይሂዱ ብዬ አላሰብኩም። ከአጠገቤ ይሂዱልኝ ነው ያልኩት።

በአራተኛው ሳምንት ሰው ማጉረምረም ጀመረ። አንዷ የታመመ ሰው ጥጥ ይፈትላል ወይ፣ እንዝርታቸውን ሲያሾሩ ሰምቻለሁ አለች። ሽማግሌዎቹ የኛን ምድብ ምንጩ ዳር ሰበሰቡና ግንበኛው ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ጎረቤታቸው ነሽ። እውን አሟቸዋል?» አሉኝ።

ብዙ መልስ ነበረ። እንዳለፈው አሟቸዋል ማለት እችል ነበር። የሳቸውን ድርሻ እኔ ነኝ የምሠራው፣ ምትክ ብላችሁ ቁጠሩልኝ ማለትም እችል ነበር፤ ደንቡ ይፈቅዳል፤ ደግሞም እውነት ነው፣ ድንጋያቸውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ይህ መልስ የመጣልኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬ ነበር። አይደለም። እዚያው ቆሜ መጥቶልኛል።

«ዛሬ ጧት ደጃቸውን ሲጠርጉ አይቻቸዋለሁ» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። ጠርገዋል። ክፋቱም እውነት መሆኑ ነው፤ ውሸት ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን ደፍሬ አስተባብለው ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ነገሩ ከእጄ ወጣ። በዚያው ቀን ሁለት ሽማግሌዎች ሄደው ከእሳትና ከውሃ መከልከላቸውን ነገሯቸው። እትዬ ደጃቸው ላይ ቆመው ሰሙና «ይሁን» ብለው ገቡ አሉ። ምን ብለው ይከራከሩ? ምክንያታቸው ጓዳ ተኝቷል።

ማን ምን እንዳለ በዚህ መንደር አይደበቅም፤ እኔ ያልኩትም ሳይመሽ ደርሷቸዋል። ግን ሰላምታቸውን አላቋረጡም። በአጥር ላይ «እንዴት አደርሽ ልጄ፣ ልጁ አደረ?» ይሉኛል። ቢሰድቡኝ ምንኛ በቀለለኝ። በሽንቁሯ መምጣት ግን ተዉ፤ እኔም ተውኩ።

ምንጩ በሰኔ አለቀ። እውነቱን ልናገር፣ ያማረ ሥራ ነበር። ድንጋዩ ከድንጋይ ጋር ገጥሞ መርፌ አያስገባም፤ ውሃው በአሸንዳው ኩልል ብሎ ይወርዳል፤ ከብቱ ከታች ለብቻው ይጠጣል። ቄሱ ጸሎት አደረሱ፣ ሴቱ እልል አለ፣ ግንበኛው እንደ ልጅ በእጃቸው እየዘገኑ ጠጡ። እኔም እልል አልኩ። በዚያ ክረምት ከሰፈራችን አንድም ሕፃን በተቅማጥ አልሞተም። እትዬ እንስራቸውን አዝለው በአጠገባችን አልፈው ወደ ወንዙ ወረዱ።

ሙሉ እንስራ ብቻውን የሚሸከም ሰው የለም። አንዷ ታነሣለች፣ አንዷ ታዝላለች፤ ለዚህ ነው ምንጭ ዳር የምንጠባበቀው። እትዬ እንስራውን ቋጥኝ ላይ አስቀምጠው፣ ከሥሩ ተንበርክከው፣ በገመድ ወደ ጀርባቸው ሲስቡት አይቻለሁ። ሁለቴ ፈሰሰባቸው። አይቼ ፊቴን አዞርኩ።

ሐምሌ ገባ። ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ፤ የኔም ጣሪያ በሁለት ቦታ አፈሰሰ። በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ በሬ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው፤ ገል ይዘዋል፣ ነጠላቸው ገላቸው ላይ ተጣብቋል። በሽንቁሯ ሳይሆን በፊት ለፊት ዞረው ነው የመጡት፣ እንደ እንግዳ።

«እሳቴ ጠፋብኝ ልጄ» አሉ። «ትንሽ ፍም ጫሪልኝ።»

ደንቡን አክብሬ «ተከልክያለሁ» ማለት ነበረብኝ፤ ያንን ማለት አፈርኩ። ደንቡን ጥሼ እንዳልሰጣቸው ደግሞ፣ ከሰጠሁ ነገም ይመጣሉ፣ ከመጡ አይሄዱም። አዎ፣ እንዲህ ነው ያሰብኩት።

«የኔም ጠፍቷል እትዬ» አልኩ።

ቀና ብለው ጣሪያዬን አዩ። ጭሱ በሣሩ መካከል እየተነነ ይወጣል፤ ከኋላዬም ኩበቱ ምድጃው ውስጥ ሲፈነዳ ይሰማል። አይተው ዓይናቸውን ወደኔ መለሱ፤ ወደ ልጁም አዩ።

«እሺ፣ ግቢ» አሉኝ። «ብርዱ ልጁን እንዳይመታው።»

ሁለት ቀን ከቤታቸው ጭስ አልወጣም። በጣሪያዬና በጣሪያቸው መካከል ያችን ታህል ቦታ ናት ያለችው፤ ሳል እሰማ ነበር። የሳቸው ሳል አልነበረም። ተነሥቼ ፍም በገል አድርጌ በሽንቁሯ ብሾልክ ማንም አያየኝም ነበር። አንዴ ገሉን አንሥቻለሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ወደ መንገድ ሥራው ካምፕ ሄዱ። ለማን ምን ብለው እንደለመኑ አላውቅም፤ ሲመለሱ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሯት ክብሪት ነበረች። ምንጩ ዳር የነበረ ሰው ሁሉ ከካምፑ ሲወጡ አየ። ያን ጊዜ ከካምፕ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው አይነገረውም። አንዷ ድሮም ነገራቸው አላማረኝም አለች፣ ሌላዋ ጥቆማ ይዘው ነው የሄዱት አለች፣ እንስራዬ ሳይሞላ እትዬ ባንዳ ሆኑ። አንድ ቃል ብናገር ወሬው ይቆም ነበር። ምያለሁ ብዬ አፌን ዘጋሁ። መሐላዬ ትዝ ያለኝ ለዝምታ ሲመቸኝ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። ሽማግሌዎቹ በሩን ከፍተው ገቡ፤ እኔም ከሰው ጋር ገባሁ። ሌሊት ወጥተው ሄደዋል፤ ቤቱ ባዶ ነው። ጓዳው ውስጥ ጭዱ ሰው የተኛበት ቅርጽ እንደያዘ ነው። ከጎኑ ብዙ የጥጥ ጥቅል፣ ታጥቦ፣ ደሙ ግን ጨርሶ ያልለቀቀ፣ በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል። ያ ሲሾር የተሰማው እንዝርት ለዚህ ነበር። ግንበኛው ጥቅሉን በእጃቸው ዳበሱና መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ይህን የሚያውቅ ሰው ነበር?» አሉ።

ሴቶቹ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ እኔም ያዝኩ። ከዚያ ከሁሉ አስበልጬ አለቀስኩ፤ ጎረቤት ናት፣ ብታለቅስ አይገርምም ተባለልኝ።

ቤታቸውን ማንም አልነካውም። እኔ በየጧቱ ደጃቸውን እጠርግ ነበር። ለምን እንደምጠርግ የጠየቀኝ የለም።

ጠላት ከወጣ በኋላ በመጣው በጋ፣ በአንድ የበዓል ቀን፣ ቅዳሴ ወጥተን ምንጩ ዳር ሳለን እትዬ በመንገዱ መጡ። ከስተዋል፣ ጠጉራቸውን ተላጭተው ጥቁር ለብሰዋል፣ ጀርባቸው ላይ ትንሽ ጓዝ አለ። ሰው ሁሉ ባለበት ቆመ። ግንበኛው ያን ጊዜ በሁለቱም ዓይናቸው አያዩም። እትዬ ናቸው ሲሏቸው አጎንብሰው መሬቱን ዳበሱ፣ ድንጋይ አገኙ፣ ጫንቃቸው ላይ አድርገው ወደ ድምፁ ሄዱና ተንበረከኩ። እንዲህ ነው በኛ ዘንድ ይቅርታ የሚጠየቀው። ሌሎቹ ሽማግሌዎችም ድንጋይ አነሡ። ስንት ድንጋይ ያቀበሉ እጆቼ ግን ያን ቀን አንድ ጠጠር አላነሡም።

እትዬ ድንጋዩን ከግንበኛው ጫንቃ ላይ አወረዱ። «እግዜር ይቅር ይበለን አባቴ፣ ይነሡ» አሉ። ግንበኛው ወንድምዎስ ብለው ጠየቁ።

«ሆለታ ሳንደርስ መንገድ ላይ ቀበርኩት። ቁስሉስ ድኖ ነበር። ብርዱ ነው።»

ግንበኛው፣ ደንቡን ያወጣነው እኛ ነን፣ ግን እንዲያ ባለ ዝናብ ደንብ የሚያስብ ልብ እንዴት ተገኘ፣ የማንን በር አንኳኩተው ነበር አሉ። መንደሩ በሙሉ ቆሞ ይሰማል። እትዬ ወደኔ አላዩም፤ ወደ ማንም አላዩም።

«ያን ቀን የሁሉም ሰው እሳት ጠፍቶ ነበር» አሉ።

ያን ጊዜ ነበር መናገር የነበረብኝ። የኔን በር ነው ያንኳኩት፣ እሳቴም ይነድ ነበር ብል፣ ቢበዛ ያሳፍሩኝ ነበር። ያወቅኩትን ሁሉ ለመናገር የመድኃኔዓለም መሐላም አያስረኝም ነበር፤ ወንድማቸው ሞቷል፣ ጣልያን ሄዷል። አልተናገርኩም። አንዷ እንስራዋን አዋሰቻቸው፣ ከአሸንዳው ሞሉና ዞር ብለው «አሸክሚኝ ልጄ» አሉኝ። አሸከምኳቸው። ከዚያ ድንጋይ ሁሉ እንደዚያ የከበደኝ የለም።

የተጠረገ ደጃቸውን አይተው ምን እንዳሉ አላውቅም። ሲመሽ ከጣሪያቸው ጭስ ወጣ። ፍም ልወስድላቸው ገሌን ይዤ ተነሥቼ ነበር፤ ጭሱን አይቼ ቆምኩ። ክብሪት ይዘው ነው የመጡት።

እስኪሞቱ ድረስ ብዙ ዓመት ጎረቤቴ ሆነው ኖሩ። ልጆቼን ሁሉ ተቀበሉልኝ፣ ሲታመሙም አስታመምኳቸው። ዛሬ ምንጩ የነበረበት ቦታ ጋራዥ ሆኗል፤ ውሃው በቧንቧ ይመጣል፤ ግንበኛው የገጠሟቸው ድንጋዮች የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። እትዬ ጨው ተውሰውኛል፣ ወንፊት ተውሰውኛል፣ በሽንቁሯም ተመላልሰዋል። እሳት ልጫር ብለው ግን አንድም ቀን አልመጡም። እኔ ደግሞ ማታ ማታ ፍሜን አዳፍኜ እጠብቅ ነበር።